ፈረስን በደኅና አጥሮ ስለ ማሰማራትና ስለ ልባብ አደጋ

ሻጩም ገዢውም ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ

ፈረስ በኢትዮጵያ ከጦር ሜዳ እስከ ገበያ ድረስ የሰው ባልደረባ ሁኖ የኖረ እንስሳ ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው ለዚህ ክብር ምስክር ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ እንደ ነበር የማያውቅ የለም። በአገው ምድርም የፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። ይሁን እንጂ ፈረስ የክብር ብቻ ሳይሆን የሥራም እንስሳ ነው። በአገሪቱ ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ያህል ፈረሶች ይገኛሉ። በብዙ ከተሞች ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ የጋሪን ቦታ እየወሰደ ቢሄድም፥ ከገጠር ወደ ገበያ የሚወጣው እህል፥ ከመደብርም ወደ ገጠር የሚመለሰው ጨው፥ ሳሙናና ቆርቆሮ ዛሬም ብዙ ጊዜ በጋሪና በጋማ ከብት ጀርባ ይጓጓዛል። ስለዚህ የፈረስ ደኅንነት የባለ ጋሪው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የሚያስጭነው ነጋዴም ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው ፈረስ የሚጎዳው በጭነትና በመንገድ ላይ ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ብዙ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው በዕረፍት ሰዓት ነው፤ ይኸውም ፈረሱ ከጋሪ ተፈትቶ፥ ሳር ይግጥ ተብሎ፥ ከነማሰሪያው ወደ መስክ ሲለቀቅ ነው። ባለቤቱ «እንዳይጠፋብኝ፥ በቀላሉም እንድይዘው» ብሎ በራሱ ላይ የተወው ልባብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የዓመታት ጥሪቱን ሊያሳጣው ይችላል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው፤ ፈረስን በመስክ ላይ የሚያግደው አጥር ይሁን እንጂ ልባብ አይሁን። ልባብ በግድ የሚቀር ከሆነም፥ በጭንቅ ሰዓት የሚበጠስ ልባብ ይሁን። ልባብ፥ ገመድና ሽቦ የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ቢያውቅ ለደንበኛው ይጠቅማል፤ የራሱንም ስም ያስከብራል።

የፈረስ ጠባይ

ፈረስ ጠላቱን ቆሞ ከመታገል ይልቅ በሩጫ ማምለጥ የሚቀናው ፍጥረት ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሰው ቢሆንም፥ የፈረሱንም ጠባይ ይገልጻል። ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ሆኑ፥ ከግንባሩ ፊት ካለችው ጥቂት ቦታና በቀጥታ ከጭራው ኋላ ካለው ስፍራ በቀር ዙሪያውን ሁሉ ያያል። በነፋስ ብድግ ያለ የላስቲክ ከረጢት፥ ድንገት የጮኸ የመኪና ጥሩምባ፥ ከቍጥቋጦ ውስጥ የወጣ ውሻ ሁሉ ያስደነብረዋል።

የደነበረ ፈረስ ራሱ በአንድ ነገር ተይዞ ያገኘው እንደ ሆነ ቆሞ አያስብም። ወደ ኋላ ይስባል፤ በሳበ ቍጥር ማሰሪያው አናቱን ይጫነዋል፤ በተጫነውም ቍጥር አብልጦ ይስባል። ከሁለት ኩንታል በላይ የሚመዝን እንስሳ ባለ በሌለ ኀይሉ ሲስብ ከትግሉ የሚወጣበት መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ማሰሪያው ይበጠሳል፥ ወይ ፈረሱ ይጎዳል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ፈረሱን በጋጣ ዘግቶ ማዋል ይሻላል» ሊል ይችላል። ይህ ግን መፍትሔ አይሆንም። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ ምግብ ቢኖርበትም ባይኖርበትም አሲድ ማመንጨቱን አያቋርጥም። ስለዚህ ፈረስ በጥቂት በጥቂቱ ረጅም ሰዓት እየጋጠ፥ እየተንቀሳቀሰና ከመሰሎቹ ጋራ እየዋለ ሊኖር የተፈጠረ ነው። መስክ የሚከለከል ፈረስ ለሆድ ሕመምና ለክፉ ጠባይ ይዳረጋል። መስክ መውጣቱ የግድ ከሆነ፥ አወጣጡ በደኅና እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል።

ልባብ ምንድን ነው?

ልባብና ልጓም አንድ አይደሉም። ልጓም በአፍ ውስጥ የሚገባ ብረት ያለው የመጋለቢያና የመንጃ ዕቃ ነው። ልባብ ግን ብረት በአፍ ሳይገባ የፈረሱን ራስ ብቻ ይዞ ለመምራትና ለማሰር የሚያገለግል ነው። ከጆሮዎቹ ኋላ በአናቱ ላይ የሚያልፍ ጠፍር፥ አፍንጫውን የሚከብ ጠፍር፥ ሁለቱን የሚያገናኙ የጉንጭ ጠፍሮች፥ ከመንጋጋው ሥር የሚያልፍ የጉሮሮ ጠፍርና የመሪ ገመድ የሚታሰርበት ቀለበት አሉት። በገጠር ይህ ሁሉ ከአንድ ገመድ ተቋጥሮ ይሠራል፤ በሱቅ የሚሸጠው ደግሞ ዘለበትና ቀለበት ያለው ነው።

በሰው እጅ ተይዞ እያለ ልባብ ጠቃሚ ዕቃ ነው። አደጋው የሚጀምረው ሰውየው ፈረሱን ለቆ ሲሄድ ነው። አደጋውም በሚከተሉት መንገዶች ይመጣል።

1ኛ፤ ፈረስ ጆሮውን ወይም ጉንጩን ሲበላው አንገቱን ወደ ጎን ጠምዝዞ በኋላ እግሩ ሰኮና ያካል። በዚህ ጊዜ ሰኮናው፥ ይልቁንም የተነጠፈለት ብረት ጫፍ፥ በላላ ልባብ ውስጥ ይገባል። እግሩ ከራሱ ጋራ የተቈላለፈበት ፈረስ በሦስት እግሩ ሊቆም አይችልም፤ ይወድቃል፤ ሲወድቅም አንገቱን ወይም እግሩን ሊሰብር ይችላል።

2ኛ፤ ልባቡ በአጥር ምሰሶ ጫፍ፥ በዛፍ ጕጥ፥ በበር ማጠፊያ ወይም በውኃ ገንዳ ቧንቧ ላይ ይያዛል። ፈረሱ ሳሩን ጎንበስ ብሎ እየጋጠ ራሱን ከአጥር በታች ሲያሾልክ፥ ወይም ገላውን በዛፍ ሲያሻሽ ይህ በቀላሉ ይደርሳል።

3ኛ፤ ሁለት ፈረሶች አብረው ሲጫወቱ የአንዱ ጥርስ ወይም የፊት እግር በሌላው ልባብ ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ አደጋው በሁለቱም ላይ ነው።

4ኛ፤ መሪ ገመዱ ሳይፈታ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ሲቀር፥ ፈረሱ በራሱ ገመድ ላይ ይቆማል፤ ራሱን ቀና ሲያደርግም የገዛ እግሩ ስለሚይዘው ይደነግጣል። ገመዱ በእግሩ ላይ ከተጠመጠመ ቆዳውን ገምሶ እስከ ጅማት ሊደርስ ይችላል።

ከእነዚህ ከድንገተኞቹ በቀር ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳትም አለ። ሌት ተቀን የማይወልቅ ልባብ የአፍንጫውንና የአናቱን ጠጉር በልቶ ቆዳውን ያቆስላል። በውርንጭላ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የውርንጭላ ራስ በየሳምንቱ ሲያድግ ልባቡ ግን ስለማያድግ፥ ሳይታይ ከቆየ ወደ ሥጋው ይሰምጣል። እንዲሁም በጉንጩ ላይ ቆዳውን ተጠግቶ የሚያልፍ የፊት ሥርዐተ ነርቭ አለ፤ ፈረሱ ከነልባቡ በጎኑ ተኝቶ ዘለበቱ ወይም ቀለበቱ ረጅም ጊዜ ከተጫነው፥ ከንፈሩ በአንድ ወገን ወድቆ ሊቀር ይችላል።

ጥንካሬ መልካም፥ ጥንካሬ ክፉ

ልባብ በሦስት ዓይነት ጥሬ ዕቃ ይሠራል። እነዚህም ቆዳ፥ እንደ ቃጫ ያለ የዕፅ ጭረትና በፋብሪካ የሚሠራው ናይለን ወይም መሰሉ ነው።

ናይለን በአሜሪካ ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ በ1935 እ.ኤ.አ. በኬሚስቱ በዋላስ ካሮተርስ ተገኝቶ በ1938 እ.ኤ.አ. ለዓለም ተገለጠ። እርጥበት አያበሰብሰውም፥ ምስጥ አይበላውም፥ በልዩ ልዩ ቀለም ይመጣል፥ ዋጋውም ከመልካም ቆዳ ይረክሳል። ሸክም ለማሰርና ፈረስን በእጅ ይዞ ለመምራት ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። ስለዚህ ባለ መደብሩ ሲያሻሽጠው «ይኸ አይበጠስም» ማለቱ አያስገርምም።

ነገር ግን በመስክ ላይ ይኸው ጥንካሬ ወደ ጉድለት ይለወጣል። የናይለን ልባብ በምሰሶ ተይዞ ፈረሱ በሙሉ ኀይሉ ቢስብ፥ ቀድሞ የሚሰበረው ልባቡ ሳይሆን የፈረሱ አጥንት ሊሆን ይችላል። ከዚህም በቀር ናይለን በቆዳ ላይ በፍጥነት ሲሳብ ሙቀት ስለሚፈጥር እንደ እሳት ያቃጥላል። ጠንካራ ሁኖ የተገመደ የቃጫ ገመድም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም።

ቆዳ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ኀይል ሲበዛበት ይለጠጣል፥ ከዚያም ይበጠሳል። ሆኖም «ቆዳ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ሁለት እጥፍ ሁኖ የተሰፋ ወፍራም አዲስ ቆዳ እንደ ናይለን እምቢ ሊል ይችላል፤ ዘይት አጥቶ የደረቀ አሮጌ ቆዳ ደግሞ ፈረሱን እየመሩት ሳለ በመንገድ መካከል ይበጠሳል።

ስለዚህ በብዙ አገር የተወደደው መካከለኛው መንገድ ነው። የልባቡ አካል ጠንካራ ይሆንና፥ በአናት ላይ የሚያልፈው ጠፍር ብቻ ከአንድ እጥፍ ስስ ቆዳ ይሠራል፤ ወይም ጠፍሩን ከዘለበቱ የምታገናኝ አንዲት አጭር የቆዳ ቁራጭ ትጨመራለች። ይህች ቁራጭ የምትሠራው ሥራ በኤሌክትሪክ መሥመር ላይ እንደሚገባው ፊውዝ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው፤ ቁራጯም የምትበጠሰው ፈረሱ እንዳይሰበር ነው። በተበጠሰች ጊዜ ሌላ ቁራጭ ተገዝቶ ይተካል፤ ልባቡ እንዳለ ይቀራል። ገዢው እቤቱ ያለውን የናይለን ልባብ መጣል ሳያስፈልገው የአናቱን ጠፍር በቆዳ ማስለወጥ ይችላል።

ልባብ መቼ ይቀራል? እንዴትስ ይለካል?

ከሁሉ የሚሻለው ፈረሱ ወደ ታጠረ መስክ ከገባ በኋላ ልባቡን ማውለቅ ነው። በሚለቀቅበት ጊዜ ፈረሱን ፊቱን ወደ በሩ መልሶ ማቆምና ከዚያ በኋላ ልባቡን መፍታት ይገባል። እንዲህ ሲደረግ ፈረሱ ለመሮጥ ቢነሣ መዞር ስላለበት የፈታው ሰው በኋላ እግሩ አይመታም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ልባብ መተው የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። አዲስ የተገዛና ሰው ያልለመደ ፈረስ፥ አልያዝም ብሎ የሚሸሽ ፈረስ፥ ወይም እሳትና ጎርፍ በሚያሰጋበት ስፍራ ፈጥኖ መውጣት ያለበት ፈረስ ሲሆን ባለቤቱ ልባቡን ሊተወው ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚቀረው ልባብ የሚበጠሰው ዓይነት ብቻ ይሁን፤ መሪ ገመዱም ይፈታ። የሚሸሸውን ፈረስ በጊዜ ብዛት ማስተካከል ይቻላል፤ ሰው ወደ እርሱ በሄደ ቍጥር ለሥራ ብቻ ከመጠራት ይልቅ፥ አንዳንዴ እፍኝ ገብስ ሰጥተውት፥ አካክተውት ቢመለሱ ሰው ሲመጣ መሸሹን ይተዋል።

የልባብ ልክ ቀላል ነገር ቢመስልም ብዙ ጉዳት ያመጣል። የአፍንጫው ጠፍር ከጉንጭ አጥንት በታች ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ መዋል አለበት። ከዚያ በጣም ከወረደ በአፍንጫው ጫፍ ላይ ያለውን ስስ አጥንት ይጫናል፤ ትንፋሽንም ያውካል። በጠፍሩና በአፍንጫው መካከል ሁለት ጣት ሲገባ ልኩ ደኅና ነው። ከዚያ የጠበቀ ማኘክን ይከለክላል፤ ከዚያ የላላ ለሰኮና መግቢያ ይሆናል። የዘለበቱም ትርፍ ጫፍ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም።

የአጥር ነገር

ብዙ ባለ ፈረሶች ልባቡን የማያወልቁት አጥራቸውን ስለማያምኑት ነው። ስለዚህ የልባብ ጥያቄ መጨረሻው የአጥር ጥያቄ ነው።

በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው የአጥር ዕቃ የእሾህ ሽቦ ነው። ጆሴፍ ግሊደን የተባለ የኢሊኖይ ገበሬ በ1874 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ የአሜሪካን ሰፋፊ ሜዳዎች ለማጠር አገልግሏል። የታሰበው ግን ለቀንድ ከብት ነበር። የበሬ ቆዳ ወፍራም ነው፤ እሾህ ሲወጋውም በሬ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፈረስ ቆዳ ግን ስስ ነው፤ በድንጋጤ ሲሮጥ ሽቦውን ሳያየው ይገባበታል፤ እግሩ ሲያዝም እየጎተተ እንደ መጋዝ ራሱን ይቆርጣል። የላላና የተንጠለጠለ የእሾህ ሽቦ ደግሞ ከተወጠረው የባሰ ነው። ከቶ መለወጥ ካልተቻለ፥ ሽቦው በደንብ ይወጠር፤ ከውስጥ በኩል አጣና ተጋድሞ ፈረሱ ወደ ሽቦው እንዳይጠጋ ይደረግ። በእሾህ ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ኀይል መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የተያዘው እንስሳ ሊላቀቅ አይችልምና።

ለፈረስ የሚመረጠው አጥር ከሩቅ የሚታይ፥ ሲገፉት የሚጸና፥ ሲገጩት የማይቆርጥ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ከባሕር ዛፍ የሚገኘው አጣና ለዚህ በእጅጉ ይስማማል። ከፍታው ከ1.25 እስከ 1.50 ሜትር ቢሆን ለአብዛኞቹ ፈረሶች ይበቃል። አጋዳሚዎቹ ከምሰሶው በውስጥ በኩል ይመቱ፤ ፈረስ ተደግፎ ሲገፋ አጣናው ወደ ምሰሶው ይጫናል እንጂ ከሚስማሩ አይነቀልም። የሚስማር ራስ ተርፎ አይውጣ፤ የምሰሶውም ጫፍ ከላይኛው አጋዳሚ በላይ ረዝሞ ልባብ መያዣ አይሁን። የተሸመነ ሽቦ የሚመረጥ ከሆነ፥ ቀዳዳው ሰኮና የማያሳልፍ ጠባብ ይሁን፤ በላይም በኩል አጣና ይጋደምበት። ለስላሳ ነጠላ ሽቦ የተጠቀመ ሰው ነጭ ጨርቅ በየመካከሉ ቢያስርበት ፈረሱ ያየዋል። በፀሐይ ኀይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ አጥርም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከቀጭን ሽቦ ይልቅ ሰፊውን ነጭ ጥብጣብ መምረጥ ይገባል።

በአገራችን የተለመደው የእሾህ አጥር ወጪው ትንሽ ነው፤ ሆኖም የግራር እሾህ ዐይንንና ሰኮናን ይወጋል። ቅንጭብም ሲሰበር የሚያወጣው ነጭ ፈሳሽ ዐይንን ያቃጥላል። እነዚህ ያሉበት መስክ በየጊዜው መጠረግና ቅርንጫፉ መከርከም አለበት።

በሩ ከአጥሩ እኩል ከፍታ ይኑረው፤ ፈረስና ሰው ጎን ለጎን ሊያልፉበት የሚችል ሰፊ ይሁን፤ መዝጊያ ብረቱም ወደ ውጭ ተርፎ ጎን አይቧጭር። ብዙ ፈረሶች በአንድነት የሚውሉ እንደ ሆነ፥ ጠባብ ማዕዘን ደካማው የሚጠመድበት ወጥመድ ስለሚሆን ማዕዘኑን በአጣና ማጠፍ ይጠቅማል። ምግብም በበሩ አጠገብ አይሰጥ፤ ግፊያና እርግጫ የሚበዛው እዚያ ነውና።

ሌሊት ጉዳዩ ሌላ ነው። ጅብ ባለበት አገር ለቀን ግጦሽ የበቃ አጥር ለሌሊት አይበቃም፤ ፈረሱ ወደ ቤት ቀርቦ ግድግዳው በጸና በረት ማደር አለበት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ በረቱን ማጠንከር የሚገባው አስቀድሞ ነው።

አጥር በሌለበት

በከተማ ዳር የሚኖር ባለ ጋሪ ብዙ ጊዜ የራሱ መስክ የለውም፤ ፈረሱን በመንገድ ጠርዝ ወይም በጋራ ሜዳ ላይ በችካል ከማሰር በቀር ምርጫ የለውም። በዚህ ስፍራ የሚበጠስ ልባብም ችግር እንዳለበት መካድ አይገባም፤ በአውራ ጎዳና አጠገብ ተበጥሶ የሮጠ ፈረስ በመኪና ሊገጭና ሰውም ሊያስገድል ይችላል። ስለዚህ በችካል የታሰረ ፈረስ ያለ ጠባቂ አይተው፤ ቦታውም ከመንገድ የራቀ ይሁን።

ችካሉ ወደ መሬት ጠልቆ ይተከል፤ ገመዱም በሚሽከረከር ቀለበት ላይ ይታሰር፤ አለዚያ ፈረሱ ሲዞር እየተጠመጠመ ያሳጥረዋል። የገመዱ ርዝመት ፈረሱ ተኝቶ እንዲነሣ የሚፈቅድ፥ ነገር ግን ዛፍ፥ ቦይ ወይም ሌላ የታሰረ ከብት የማያደርስ መሆን አለበት። ፈረስ ቆሞ ማንቀላፋት ቢችልም፥ ከባዱን እንቅልፍ የሚያገኘው ተኝቶ ስለ ሆነ በአጭር ገመድ ታስሮ የሚያድር ፈረስ ዕረፍት የለውም። በአንገት ላይ የሚጠብቅ ሸምቀቆ ክልክል ነው። እግርን በሽቦ ወይም በቀጭን ናይለን ማሰርም ክልክል ነው።

ፈረስን በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ፥ ማለት በጋሪ ጎማ፥ በቀላል ግንድ ወይም በጀሪካን ላይ ማሰር አይገባም። ሲደነብር ዕቃው ተከትሎት የሚመጣ ይመስለዋል፤ በሮጠ ቍጥርም ዕቃው አይለቀውምና እስኪወድቅ ድረስ አይቆምም። በገበያ ቦታ ለጥቂት ጊዜ ለማሰር፥ በምሰሶው ላይ በፈረሱ ትከሻ ከፍታ ቀጭን የሲባጎ ቀለበት አድርጎ ገመዱን በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ ማሰር ይበጃል። ሲባጎው ቀድሞ ይበጠሳል።

ትንሽ ቁስል፥ ትልቅ ኪሳራ

ልባብና አጥር ያደረሱት ጭረት ቀላል ቢመስልም ሊናቅ አይገባም። መንጋጋ ቆልፍ የተባለው በሽታ ተውሳኩ በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፥ ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ይልቅ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ነው፤ በሰኮና የገባ አንድ ምስማር ሊገድለው ይችላል። ለዚህ በሽታ መከላከያ ክትባት አለ።

በኢትዮጵያ የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃ ሌላም በሽታ አለ፤ የእንስሳት ሐኪሞች ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይቲስ ይሉታል። የሻጋታ ዘር በሆነ ተውሳክ የሚመጣ ነው፤ በቆሰለ ቆዳ ይገባል፥ በዝንብም ይዛመታል፤ ከዚያም በቆዳው ሥር በሰንሰለት መልክ እባጭና ቁስል ያወጣል። ልባብ የቧጨረው ጉንጭ ለዚህ ተውሳክ ክፍት በር ነው። ስለዚህ አንድ ልባብ ለብዙ ፈረሶች መዋዋስ አይገባም። ልባቡ በሳሙና ይታጠብ፤ የቆዳው በጥላ ደርቆ ዘይት ይቀባ፤ የቆሰለውም ፈረስ በጊዜ ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።

ለአስመጪና ለባለ መደብር

ከላይ የተነገረው ሁሉ ወደ ንግድ ሲመለስ እንደሚከተለው ይሆናል።

1ኛ፤ አስመጪው ልባብ ሲያዝ «ጠንካራ ይሁን» ብሎ ብቻ አይጻፍ። የአናቱ ጠፍር ከምን እንደ ተሠራ፥ የሚበጠስ መሆኑንና መለዋወጫው ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ይጠይቅ። ከውጭ የሚመጡት ልባቦች ብዙዎቹ ለትላልቅ ፈረሶች የተለኩ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ፈረስ ግን ራሱ አነስ ያለ ስለ ሆነ ትንሹን ልክ ማዘዝ ይሻላል። የላላ ልባብ የሰኮና ወጥመድ መሆኑ ከላይ ተነግሯል።

2ኛ፤ ባለ መደብሩ የናይለኑን ልባብ ለመምሪያና ለማሰሪያ፥ ባለ ቆዳውን ለመስክ ብሎ ለይቶ ያስቀምጥ። ገዢው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ባለ መደብሩ አስቀድሞ «ፈረሱ የሚውለው የት ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ ማስታወቂያ ትበልጣለች።

3ኛ፤ የእሾህ ሽቦ የሚሸጥ ሰው ገዢው የጋማ ከብት እንዳለው ቢረዳ፥ ለስላሳውን ሽቦ፥ የተሸመነውን ወይም ጥብጣቡን ከነዋጋው ያሳየው። ምርጫው የገዢው ነው፤ ማሳየት ግን የሻጩ ፋንታ ነው።

4ኛ፤ የአናት ጠፍሩንና የፊውዟን ቁራጭ በአገር ውስጥ መሥራት ይቻላል። በሞጆና በሌሎችም ከተሞች ቆዳ የሚያለፉ ፋብሪካዎች አሉ፤ ኮርቻና ልጓም የሚሠሩ ባለ እጆችም አይጠፉም። ለጓንት በውጭ አገር የታወቀው የበግ ሌጦ ለዚህ ሥራ ስስ ነው፤ የሚስማማው የበሬ ቆዳ ነው፤ ይልቁንም በዕፅ ማልፊያ የለፋው። ሥራው ከባድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ከትልቅ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ቆዳም ይበቃዋል። ሆኖም ሠሪው ጠፍሩን ወፍራም አድርጎ በድርብ ስፌት «እንዲጠነክር» ለማድረግ እንዳይፈተን መነገር አለበት፤ የዚህ ዕቃ ጥራት የሚለካው በመበጠሱ ነውና።

አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱ ሲሞትበት የሚያጣው እንስሳውን ብቻ አይደለም። የዕለት ገቢው ይቋረጣል፤ በዱቤ የወሰደውን መክፈል ይቸግረዋል፤ ከመደብሩም ይርቃል። በአንጻሩ፥ አንዲት የቆዳ ቁራጭ በምሰሶ ላይ ተበጥሳ ያገኛት ባለ ፈረስ፥ ፈረሱን በመስኩ ማዶ ቆሞ ሳር ሲግጥ ያየው ጊዜ፥ ሌላ ቁራጭ ሊገዛ ወደዚያው መደብር ይመለሳል። ለነጋዴው ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም።